ዳንቴል የለበሰች መሣሪያ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ከአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ይዛልን መጣች። ቴሌቪዥን ይባላል እንጂ ውፍረቱ ከጣት አይበልጥም። ግድግዳ ላይ አሰቅላው፣ ሪሞቱን አስተምራን ወደ ሥራዋ በተመለሰች በማግስቱ ባለቤቴ ከሣጥኗ ሥር ነጭ ዳንቴል አውጥታ አለበሰችው። ዳንቴሉ የሚያርፍበት ጀርባ ስለሌለ ይንሸራተታል፤ ታነሳዋለች፤ መልሶ ይንሸራተታል። በመጨረሻ በመርፌ ቁልፍ ከመጋረጃው ጋር አያይዛው አረፈች። ዜና አንባቢው ከቅንድቡ በላይ ጠፋ። አውልቂው ብላት «አቧራስ?» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ደም ግፊት አለብህ ተብዬ ጨው ተከልክያለሁ፤ ዳንቴል የከለከለልኝ ሐኪም ግን የለም። ይህችን «አቧራስ?» የምትል ቃል ከብዙ ዓመት በፊት ወልቂጤ ውስጥ ከሌላ ሴት አፍ ሰምቻታለሁ። ያኔ ዳንቴል ውሸታም አሰኝቶኛል። ቀልዴን አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬን ሲያበላሽብኝ ኖሮ፣ ቁጥር ፈጣሪ ተብዬ ከትምህርቴ ልባረር ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በዚያን ጊዜ ቡታጅራ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ቡታጅራ የዛሬዋ አይደለችም። ባጃጅ ስሙም አልተሰማ፤ ከገበያው እስከ መናኸሪያው በጋሪ ነው የሚኬደው። ዝናብ ሲጥል የጋሪው ፈረስ ጭቃውን ሱሪዬ ላይ ይረጨውና ክፍል ስገባ ተማሪ ይስቅብኛል። በገበያ ቀን መስቃን በርበሬዋን ጭና ስትመጣ ከተማው በሙሉ ያስነጥሳል፤ እኛ መምህራን ደግሞ ከበርበሬ ተራ ጀርባ መሬት ላይ ከተከመረው ሰልቫጅ ኮት እንመርጣለን። እኔ አንድ ቡናማ ኮት ነበረኝ፤ ትከሻው ለእኔ የተሰፋ ይመስል ልክክ ያለ፣ እጅጌው ግን እስከ ጣቶቼ ጫፍ የሚደርስ። አሁን ልጆቼ ፎቶውን አይተው ይስቃሉ። ይሳቁ። ያ ኮት ከእነሱ የቻይና ጃኬት ሦስቱን ይቀብራል። አንድ ብር የማይሞላ ማኪያቶ ይዘን ግማሽ ቀን የምንቀመጥበት ቤት ነበር። ከፊት ለፊቱ ካሴት ቤት አለ፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ የጉራጊኛ ጭፈራ ከጠዋት እስከ ማታ ይለቅቃል። የተማሪ ፈተና የማርመው እዚያ ስለነበር እጄ ሳላውቀው በጭብጨባው ልክ ነው ራይት የሚያደርገው። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል፤ ማኪያቶው የስንት እንደሆነ መናገር አልፈልግም፤ ደም ግፊቴን አነሳዋለሁ።

እንግዲህ በክረምት እየሄድን ማስተርስ የምንማርበት ዕድል መጣ። ሰኔ ላይ ተማሪ አሰናብተን እኛው ተማሪ እንሆናለን፤ ራሰ በራ የሆነ ሰው ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ይወጣል። ትምህርቱን በደህና ጨረስኩና የመመረቂያ ሥራ ላይ ስደርስ አማካሪ ተሰጠኝ፤ ዶክተር ያሬድ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ገና ከውጭ መመለሱ ነበር። እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እሱ «አንተ» ይለኛል። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁና በጽሑፌ «እሱ» ብለው የሚቆጣኝ የለም። የሰጠኝ ርዕስ በውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ አንድ ሰማያዊ ነገር ነበር፤ መሃሉ ላይ መዳብ የተቀመጠበት ሞለኪውል። ባለቤቴ ምንድነው የምታጠናው ስትለኝ እንዲህ ነበር ያስረዳኋት፤ ሞለኪውሉ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው። ውሃው ውስጥ ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱ ለብቻው ይኖራል። ሲበዛ ግን አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባል። በዓይን ብታይው ያው ሰማያዊ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ መሣሪያ ውስጥ ሲገባ ግን ብቻውን ያለው አንድ ዓይነት ብርሃን ይውጣል፤ የተደራረበው ሌላ ዓይነት። እያቀጠንሽ እያቀጠንሽ ከለካሽ ምን ያህል አጥብቀው እንደሚያያዙ በቁጥር ታውቂያለሽ። ባለቤቴ ሰምታኝ ሰምታኝ፣ ከታወቀ በኋላስ ምን ይሆናል አለችኝ። ያን ጊዜም መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም በደንብ የለኝም። ግን ደስ ይል ነበር። በሕይወቴ ሌላ ሰው ያልለካውን ነገር ልለካ የቀረብኩት ያኔ ብቻ ነው።

ብርሃን የሚለካው መሣሪያ ስፔክትሮፎቶሜትር ይባላል። አዲስ አበባ የነበረው ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠብቃል። መለዋወጫው ደግሞ ግዢ ክፍልን ይጠብቃል፤ ግዢ ክፍሉ ማንን እንደሚጠብቅ አላወቅንም። በዚህ መሃል ወልቂጤ አንድ የማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ በእርዳታ የመጣ አዲስ ስፔክትሮፎቶሜትር ተቆልፎበት ተቀምጧል የሚል ወሬ ሰማሁ። ሄጄ ባየው እውነት ነው። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ መንገዱ አለ። ቡታጅራና ወልቂጤ የአንድ ዞን ከተሞች ናቸው፤ በመሃላቸው ተራራ አለ። በበጋ ከሆነ አይሱዙ ላይ ከድንች ጆንያ ጋር ተጭነህ ተራራውን ወጥተህ፣ በእምድብር በኩል ወርደህ፣ አቧራ ጠጥተህ ትደርሳለህ። በክረምት ከሆነ መጀመሪያ አዲስ አበባ ትሄዳለህ፤ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ ይዘህ ወደ ወልቂጤ ትወርዳለህ። ጎረቤት ለመጠየቅ በዋና ከተማ ዞሮ መሄድ ማለት ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ቡናማ ኮቴ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች የኳርትዝ ብልቃጥ ደብቄ እሄዳለሁ። ሰማያዊው ፈሳሽ የሚለካው በእሷ ውስጥ ነው፤ ጣት የምታህል ነገር ናት፤ ብትሰበር እኔም አብሬ ተሰበርኩ። ከእሷ ሌላ የተጣራ ውሃ በጀሪካን እይዛለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ያሉ እናቶች ጀሪካኑን በጉልበቴ አቅፌ ሲያዩኝ ጸበል መስሏቸው ትንሽ ቅዳልን ይሉኛል። አይደለም ስል ሥሥት መስሏቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

የኮሌጁ ላቦራቶሪ ቁልፍ ያለው ወይዘሮ ብርቅነሽ ጋ ነበር። ሁሉም እትዬ ብርቄ ይላታል። ባልዋ አናጢ ነው፤ ወልቂጤ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ ሁለቱም የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ናቸው። ደግ ሴት ናት። ነገር ግን ደግነቷ ሥራ ያስፈታል። ስደርስ ቁልፉን አትሰጠኝም፤ መጀመሪያ ትበላለህ። የመጣሁት ለመለካት ነው ብላት «ሆድህ ሲጮህ ምኑን ትለካዋለህ?» ትለኛለች። ቆጮ፣ አይብ፣ ጎመን፣ የቀናኝ ቀን በጣባ ክትፎ። ከዚያ በቅቤ የራሰ ጣቴን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቤ፣ ብልቃጧን በጨርቅ ይዤ ወደ ላቦራቶሪው እገባለሁ። ላቦራቶሪው ንጹሕ ነው፤ የአንድም ኮሌጅ ላቦራቶሪ እንደሱ ንጹሕ አይቼ አላውቅም፤ ማንም አይሠራበትማ። ሚዛኑ ዳንቴል ለብሷል። ማሞቂያው ዳንቴል ለብሷል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሳይቀር ዳንቴል አለው። ስፔክትሮፎቶሜትሩ ደግሞ የክብር እንግዳ ስለሆነች ልብሷም የክብር ነው፤ ከላይ በነጭ ክር የተሠራ፣ ዳርዳሩ አበባ የሆነ፣ ከሥሩ ድርብ አቡጀዲ ገበር የተደረገለት፣ በስታርች የደረቀ፣ እስከ ጀርባዋ የሚወርድ። በዚያ ዘመን እንዲህ ነበርን፤ ራዲዮውም ፍሪጁም የሶፋው ክንድም ልብስ ነበረው፤ የቤት ሴት ባለሙያነቷ በዳንቴሏ ይታወቅ ነበር። እትዬ ብርቄም የቤቷን ሙያ ወደ ሥራዋ ይዛ መጣች እንጂ ሌላ ምን አደረገች።

በመጀመሪያው ቀን ዳንቴሉን ላወልቀው ስል ያዘችኝ። «አቧራስ?» አለችኝ። የወልቂጤ አቧራ የዋዛ አይደለም፤ ልክ ናት። ንብረቷም በእሷ ፊርማ ነው ያለችው፤ አንድ ነገር ብትሆን የምትጠየቀው እሷ ናት። እናም ተስማማን፤ ከፊት በኩል ብቻ እጠፍ አድርጌ ክዳኑን እከፍታለሁ፤ ከላይና ከኋላ እንደለበሰች ትሠራለች። እኔም የተማርኩት ሰውዬ ምንም አልታየኝም። የክፍሉን ሙቀት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቴርሞሜትር በየቀኑ እመዘግባለሁ፤ ቴርሞሜትሩ ሁልጊዜ ያው ነው።

ቁጥሮቹ ግን አበዱ። ጠዋት የለካሁት ፈሳሽ ሞለኪውሎቹ በደንብ ተደራርበው ያሳየኛል። ያንኑ ፈሳሽ፣ ከዚያው ጠርሙስ፣ ከምሳ በኋላ ስለካው ተለያይተው አገኛቸዋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ እንደ ጠዋቱ ተደራርበው ይቆዩኛል። ብልቃጧን አጠብኩ። ውሃውን ቀየርኩ። ፈሳሹን እንደ አዲስ በጠበጥኩ። የመብራቱ ኃይል ይሆናል ብዬ ማረጋጊያ ከአንድ ፎቶ ቤት ተውሼ መጣሁ፤ ያው ነው። ወደ ቡታጅራ ተመልሼ ክፍል ውስጥ ስለ ሳይንስ ትክክለኛነት እያስተማርኩ ሆዴ ይስቅብኛል። በወሩ እንደገና ወልቂጤ፤ እንደገና ቆጮ፤ እንደገና ያበደ ቁጥር። ለእትዬ ብርቄ ብሶቴን ስነግራት ትጸልይልኛለች። ለመሣሪያዋም ጭምር፤ ዳንቴሉ ላይ እጇን ጭና። በኋላ ሳስበው፣ እጇ ያረፈበት ቦታ ላይ ነበር ችግሩ ሁሉ።

ዶክተር ያሬድ ቢሮ የገባሁበት ቀን አይረሳኝም። ወረቀቶቼን ዘርግቶ በእርሳስ አንድ በአንድ ነካካቸው። ከዚያ አንድ ፈሳሽ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ጠባይ ሊኖረው አይችልም አለኝ። አውቃለሁ፣ እኔም እሱ ነው ያስቸገረኝ አልኩት። መሣሪያው አዲስ ነው? አዲስ ነው። ውሃው? ከእርስዎ ክፍል የወሰድኩት ነው። የክፍሉ ሙቀት? ይኸው፣ አንድ ነው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«እነዚህ ቁጥሮች እውነት አይደሉም» አለኝ። «ሰው ቡታጅራ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቁጥር ሲፈጥር እንደዚህ ነው የሚፈጥረው። ጣላቸው።»

ያኔ ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልናገር? ሌባ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ የሰረቀው ነገር ይኖረዋል። እኔ ያንን ተራራ ከድንች ጋር እየወጣሁ፣ የልጆቼን ቅዳሜና እሁድ ለሰማያዊ ውሃ ሰጥቼ፣ መጨረሻው ይህ ሆነ። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፤ በጣሳው ልክ ተጠርጥሮ አያውቅም። እኔ ልጁ ተምሬ ተምሬ በልኬ ተጠረጠርኩ። ከቢሮው እንደወጣሁ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ወሬው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ዶርም ደረሰ። ምሳ ላይ አብረውኝ የሚማሩት መምህራን ስሜን አንስተው ያወራሉ፤ እኔ ስቀመጥ ወሬ ይለውጣሉ። ዲግሪው ቢቀር ይቅር፤ ቡታጅራ ስመለስ ግን ተማሪዎቼን ምን ዓይን ይዤ አያለሁ እያልኩ ነበር የማስበው።

አንድ ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ለመንኩ፤ ተሰጠኝ። ያም አለቀ፤ ቁጥሩም ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። በመጨረሻ ትምህርት ክፍሉ ከመስቀል በኋላ ተሰብስቦ ጉዳዬን ሊዘጋ እንደሆነ ሰማሁ። ሄጄ ዶክተር ያሬድን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ መጥተው በዓይንዎ ይዩኝ አልኩት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ሚስቱ ግን የቸሃ ልጅ ናት፤ ለመስቀል እምድብር አማቶቹ ዘንድ መሄዱ የማይቀር ነው፤ መንገዱ ደግሞ በወልቂጤ ነው። ሲያልፍ እንደሚቆም፣ ፈሳሹን ራሱ በጥብጦ እንደሚያመጣ ነገረኝ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እጄ እንዳይገባበት ነው።

እስቲ አስቡት፤ በጉራጌ አገር ለመስቀል ሥራ! ከተማው ይጎርፋል እንጂ አይሠራም። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ሻንጣና በሬ ይዞ ይወርዳል፤ መናኸሪያው በሰው ይጨናነቃል፤ የመሥሪያ ቤት በር ሁሉ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከባለቤቱ ኪስ ጋር ወደ ገጠር ይሄዳል። እትዬ ብርቄም ወላጆቿ ዘንድ ልትሄድ ዕቃዋን አስራ ነበር። እምነቷ ቢለይም መስቀል ለእሷ የአባቷ ቤት ነው። ለምኜ አስቀረኋት። ሰውዬው ካላየኝ አለቀልኝ አልኳት። አንድ ቀን ልትቆይልኝ ተስማማች፤ እግረ መንገዷንም ለበዓሉ የጀመረችውን ጽዳት ላቦራቶሪው ድረስ አመጣችው። ወለሉ ታጠበ፣ መስኮቱ ተወለወለ፣ ዳንቴሉ ሁሉ ተለቅሞ ታጥቦ በግቢው አጥር ላይ ተሰጣ። የክረምቱ ማብቂያ ፀሐይ ላይ ነጭ በነጭ ሆኖ ሳየው፣ ለሌላው ሰው በዓል ነው ብዬ አለፍኩ።

ዶክተር ያሬድ ጠዋት ደረሰ። ሚስቱ ከተማ ውስጥ ዘመድ ልትጠይቅ ወረደች፤ እሱ ጠርሙሶቹን ደርድሮ ሥራ ጀመረ። እኔን ከመሣሪያዋ ራቅ ብለህ ቁም አለኝ። ቆምኩ። ከወፍራሙ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ ለካ። ቁጥሮቹ መጽሐፍ ላይ እንደሚሣል መስመር የቀኑ ነበሩ። ደገመው፤ ያው። ሦስተኛ ለካ፤ ያው። የእኔን አሮጌ ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠው።

«መሣሪያው ይኸው ነው» አለኝ። «ክፍሉ ይኸው ነው። ውሃው ይኸው ነው። የተለየው ማን ነው?»

በገዛ እጄ ጠርቼ በራሴ ላይ አስመሰከርኩ። ሁለት ዓመት የፈለግሁት ቀጥ ያለ መስመር መጥቶ ውሸታምነቴን አረጋገጠ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚገጥመው እኔን ብቻ ይመስለኛል። መሬት ብትከፈት ብዬ ስመኝ እትዬ ብርቄ በሩን ከፍታ፣ ምሳ ቀርቧል አለች።

ዶክተሩ አልበላም አለ፤ አማቶቼ ይጠብቁኛል አለ። ጉራጌ ቤት ለመስቀል መጥቶ አልበላም ማለት! መሣሪያዋን እንዳትቀዘቅዝ እንደበራች ትተን ወደ ጎን ክፍል ገባን። ክትፎው ሦስት ጊዜ ተጨመረ፤ እሱ በቃኝ ሲል እሷ ትጨምራለች። ምሳው ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ፤ በመሃሉ እትዬ ብርቄ ወጣ ብላ ተመለሰች። ሚስቱ ገና አልደረሰችም ነበርና ዶክተር ያሬድ ተነሣ። ምናልባት ምግቡ አለስልሶት ይሆናል፣ ወይም ሊሰብረኝ ፈልጎ፤ ና አለኝ፣ አንዱን ጠርሙስ በፊትህ ልድገመውና ልብህ ይመን።

ላቦራቶሪው ውስጥ ስንገባ መሣሪያዋ ለብሳለች። ነጩ ዳንቴል ታጥቦ፣ ስታርች ገብቶ፣ ተተኩሶ፣ አበባው በአናቷ ዙሪያ ተዘርግቷል። እትዬ ብርቄን መሣሪያዋ እንግዳ ፊት ራቁቷን መሆኗ አሳፍሯት ኖሯል። ዶክተር ያሬድ ከፊት እጠፍ አድርጎ ወፍራሙን ፈሳሽ አስገባና አነበበ። ፊቱ ተለወጠ። እንደገና አነበበ። ብልቃጡን አውጥቶ ጠርጎ መለሰው። ውሃውን ለካ፤ ፈሳሹን ለካ። ሞለኪውሎቹ ተለያይተዋል። ትንሽ ቆይቶ ሲለካቸው ይበልጥ ተለያይተዋል። ይሄ ምንድነው ይላል፤ እርሳሱን ይወረውራል፤ ያነሳል። የመብራቱን ገመድ ነቅሎ ሰካ። ማረጋጊያ የላችሁም ወይ አለ። እኔ ከበሩ አጠገብ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። በሕይወቴ በሰው ብስጭት እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ያችን መንገድ እኔ ሁለት ዓመት ተመላልሼባታለሁ፤ እሱ ገና ማለዳው ላይ ነበር።

በመጨረሻ ደክሞት መዳፉን መሣሪያዋ አናት ላይ አሳረፈ። ወዲያው አነሳው። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። በአናቷና በጀርባዋ ላይ ሽንቁር ሽንቁር መተንፈሻዎች አሏት፤ የመብራቷ ሙቀት የሚወጣው በእነሱ ነው። ድርቡ አቡጀዲ ሁሉንም ደፍኗቸዋል። ፈሳሹ የሚቀመጥበት ሣጥን ውስጡ ሞቋል፤ ሲሞቅ ደግሞ እነዚያ ጠፍጣፋ ሞለኪውሎች መያያዛቸውን ይለቃሉ። ይህን የማያውቅ ኬሚስት የለም። እኔም አውቀው ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። የግድግዳው ቴርሞሜትር ግን የግድግዳውን ሙቀት ነበር የሚነግረን።

«ይሄን ልብስ ከመቼ ጀምሮ ነው የለበሰችው?» አላት እትዬ ብርቄን።

«ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ነው ዶክተር» አለችው። «ለመስቀል አጥቤው ነው እንጂ አንድ ቀን ሳትለብስ ውላ አታውቅም። ጥፋት አለብኝ እንዴ?»

ዶክተር ያሬድ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወደ እሷ ተመልሶ ጥፋት የለብዎትም፣ ንብረት ጠብቀዋል አላት። ዳንቴሉን በሁለት እጁ አንስቶ እንደ አራስ ልጅ ልብስ አጣጥፎ ሰጣት። መሣሪያዋ እስክትተነፍስ ጠብቀን ለካን፤ መስመሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። መልሰን አልብሰን ለካን፤ ፈረሰ። እትዬ ብርቄ ዳንቴሏን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ፣ ጌታ ይመስገን ብቻ ነው ያለችው። ለምን እንዳመሰገነች አልጠየቅኋትም።

ሚስቱ መጣች፤ በሬው ታረደ፣ ቅቤው ቀለጠ ብላ አስቸኮለችው። ጠርሙሶቹን አሽጎ መኪናው ውስጥ ገባ። ሌሊት ሌሊት ሳልተኛ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ አባቴን፣ ጣሳውን፣ ተራራውን፣ የድንች ጆንያውን ሁሉ ያለበት። አንዱም አልመጣልኝም። እሱ ሞተሩን አስነሥቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«እነዚያን አሮጌ ቁጥሮች ጥለሃቸዋል?»

«እርስዎ ጣላቸው ብለውኛል» አልኩት።

«አትጣላቸው። ሙቀቱን ለክተህ ሥራባቸው። እውነት ናቸው።»

ይህን ብሎ መስኮቱን ዘጋና ወደ አማቶቹ ክትፎ ሄደ። ይቅርታ አላለኝም፤ ዲግሪዬን ሳገኝም አላለኝም፤ እስከ ዛሬም አላለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልጋት የኖርኩትን አንዲት ቃል በመኪና መስኮት ወርውሮልኝ ሄደ። ኩራት ያለው ሰው ብሆን ኖሮ ባላነሳኋት ነበር። አነሳኋት።